ዩታ ሂፕን ከየት ልጀምር ለምትሉ

ቶሎ መልስ ለምትፈልጉ፦ «ዩታ ሂፕ ዊዝ ዙት ሲምስ» ከሚለው አልበም ጀምሩ። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ዛሬውኑ ስሙት። በስልክ ስፒከር ብቻ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ግማሹን ነው የምትሰሙት። ሁለቱን የ«ሂኮሪ ሃውስ» አልበሞች ለኋላ አቆዩአቸው። እነሱም ጥሩ ናቸው፣ ግን ለጀማሪ አይሆኑም። የተቀረው ለምን እንደዚህ እንደምል ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ሆጃችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ማን ናት? ጀርመናዊት የጃዝ ፒያኒስት ናት። በ1925 ላይፕዚግ ተወለደች። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እኔን ለማረም አትድከሙ። በራሷ ስም የወጡት አልበሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይሄንን ከዙት ሲምስ ጋር ያለውን ስትቀዳ ገና 31 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ46 ዓመት በላይ ኖረች፣ በስሟ አንድም አልበም ግን አልደገመችም። ስለዚህ እንደሌሎቹ የጃዝ ሰዎች መቶ አልበም ፊታችሁ ተደርድሮ «የቱን ልስማ» ብላችሁ አትጨነቁም። ዋና ዋናው በአንድ በርጫ ተጀምሮ ያልቃል።

መጀመሪያ ስለ ዋጋ። የ1956ቱን ሸክላ እርሱት። የመጀመሪያውን እትም ሰብሳቢዎች በሺዎች ዶላር ነው የሚገዙት፣ ደግሞስ በምን ልታጫውቱት ነው? ኢንተርኔት ላይ ግን ሁሉም ይገኛል፣ በሙዚቃ አፖቹም በዩቲዩብም። እኔ በሌሊት ጥቅል አውርጄ ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ዩታ አለች። ሲዲው ውጭ አገር ዘመድ ላለው ሰው ጥሩ ስጦታ ነው፣ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ያልነበሩ ሁለት ዜማዎች ተጨምረውበታል። እነሱን ፈልጋችሁ ስሙ፣ ትርፍራፊ አይደሉም።

የጆሮ ማዳመጫውን ነገር ዝም ብዬ አላነሳሁትም። ድሬ ወርጄ ከአንድ ሱቅ «ኦርጅናል ነው፣ ወላሂ ኦርጅናል ነው» ተብዬ የገዛሁት ነበር። የቤዙ ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል፣ ፒያኖው ግን ከሌላ ክፍል የሚመጣ ነው የሚመስለው። በዚያ የምትሰሙት ዩታ ሂፕን ሳይሆን ቤዝ ብቻ ነው። እዚህ አገር የሚሸጠው አብዛኛው የጆሮ ማዳመጫና የባጃጅ ስፒከር ቤዝ እንዲያጓራ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ለሌላ ሙዚቃ ምናልባት ይሁን፣ ለ1956 ጃዝ ግን አይሆንም። ስልካችሁ ላይ ድምፅ ማስተካከያ ካለ ቤዙን ቀንሱት። ከልባችሁ ቀንሱት። ከዚያ በኋላ ነው ግራ እጇ የሚሰማችሁ።

አሁን ወደ አልበሙ። የተቀዳው በጁላይ 28 ቀን 1956 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሃከንሳክ በምትባል ከተማ ነው። ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመጣባችሁ። ሩዲ ቫን ጌልደር የሚባለው የድምፅ ባለሙያ በወላጆቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር የሚቀዳው። ሰውየው በዚያ ዘመን ቀን ቀን የዓይን መነጽር ሥራ ላይ ነበር፣ ሲመቸው ደግሞ በዓለም የታወቁትን የጃዝ አልበሞች ይቀዳል። ቀረጻው ሞኖ ነው፣ ማለትም ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ከመሃል ነው የሚመጣው። ይሄ አያስከፋም። ሳክስፎኑ ቅርብ ነው፣ ሰውየው ሲተነፍስ ሁሉ የምትሰሙት ይመስላችኋል። ፒያኖው ግን ትንሽ የታፈነ ነው። ቫን ጌልደር ፒያኖ ላይ የሚታማው በዚህ ነው፣ እኔም ከሐሜተኞቹ ጋር ነኝ።

ተጫዋቾቹ አምስት ናቸው። ቴነር ሳክስፎን ዙት ሲምስ፣ ትራምፔት ጄሪ ሎይድ፣ ቤዝ አሕመድ አብዱል-ማሊክ፣ ከበሮ ኤድ ቲግፔን፣ ፒያኖ እሷ። ሸክላው ላይ ያሉት ዜማዎች ስድስት ናቸው፣ ሁሉም ተደምረው 40 ደቂቃ ገደማ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሚመጣው «ጀስት ብሉዝ» ነው፣ ረጅም፣ ያልተቸኮለ ብሉዝ። ማንም ማንንም አይገፋም። ጃዝ ገብቶኝ አያውቅም የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይሄንን አሰሙት፣ እግሩን ካላወዛወዘ ተዉት፣ የእሱ ነገር አብቅቷል። ሁለተኛው «ቫዮሌትስ ፎር ዩር ፈርስ» ነው፣ ቀስ ያለ የፍቅር ዜማ፣ ዙት ሲምስ ሳክስፎኑን ሲያባብለው የምትሰሙበት። ብዙ ሰው ከአልበሙ ይሄን ነው የሚወደው። እኔም ከሰዓት ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሰውም ምርቃናው ሲይዘውና ወሬው ሲቀንስ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። «ዊ ዶት» ደግሞ ፈጣን ነው፣ እዚያ ላይ ቲግፔን የሚሠራውን ሥራ ልብ በሉ።

ጉድለቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አለ። በሽፋኑ ላይ ቀድሞ የተጻፈው የእሷ ስም ነው፣ አልበሙን የወሰደው ግን ዙት ሲምስ ነው። ይሄ ሰው በዉዲ ኸርማን ትልቅ ባንድ ውስጥ የታወቀ፣ የትም ቢቆም የሚደምቅ ነፊ ነበር። አንዴ ከጀመረ ማቆም አይፈልግም። እሷ ተራዋ ሲደርስ ትገባለች፣ የምትለውን ትላለች፣ ትወጣለች። አንዳንዱ ገምጋሚ በዚህ ምክንያት ነጥብ ይቀንስባታል። «በራሷ አልበም ላይ እንግዳ ሆነች» ዓይነት ነገር።

እኔ አልስማማም፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይሄ ነው። ዩታ ሂፕ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበረች የሚታወቀው ተራዋን ስትጫወት ብቻ አይደለም። ሌላው ሲጫወት ከኋላ ምን እንደምታደርግ ስሙ። ዙት ሲምስ አንድ ሐረግ ይጨርሳል፣ እሷ በሁለት አጭር ኮርድ «እሺ፣ ቀጥል» ትለዋለች። ሲረዝምበት ዝም ትላለች። ሲደክም ታነሳዋለች። ትርፍ ነገር የለም። የሰው ዘፈን ላይ ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች ይሄንን ቢሰሙ ጥሩ ነው፣ የእኛ ሠርግ ላይ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ ኪቦርዱ አያርፍም አይደል? የእሷ ቁጥብነት ግን ፍርሃት አይደለም። ከመድረክ ፍርሃት ጋር የኖረች ሰው መሆኗን ብዙ ቦታ ታነባላችሁ፣ እውነትም ነው። በዚህ አልበም ላይ ግን ፍርሃቱ አይሰማም። ደስ ብሏት የምትሠራ ሰው ነው የሚሰማው።

ስለ ቤዝ ተጫዋቹም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አሕመድ አብዱል-ማሊክ የብሩክሊን ልጅ ነው፣ ከቤዙ ሌላ ኡድ የሚባለውን የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር። ከዚህ አልበም ሁለት ዓመት በኋላ ጃዝና የዓረብ ሙዚቃ ያገናኘበትን የራሱን አልበም ቀድቷል፣ ከታዋቂው የጃዝ ፒያኒስት ከቴሎኒየስ መንክ ጋርም ሠርቷል። አሊ ቢራን በኡዱ ለሚያውቅ የምሥራቅ ሰው ይሄ የሩቅ ነገር አይደለም። ያ ዘመን ሰው ከዓለም ሁሉ ድምፅ እየለቀመ የሚቀላቅልበት ነበር፣ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ-ጃዝም ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ነው የመጣው።

ታዲያ አንዲት የላይፕዚግ ልጅ እዚህ ሳሎን ውስጥ ምን ታደርጋለች?

ፒያኖ የጀመረችው በ9 ዓመቷ ነው። ሥዕልም ተምራለች፣ እዚያው ላይፕዚግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ። ጃዝ የሰማችው በልጅነቷ ነው፣ ናዚዎች ደግሞ ጃዝን የጥቁርና የአይሁድ ሙዚቃ ነው ብለው የሚያሳድዱበት ጊዜ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር ተደብቀው ነው የሚሰሙት። ቆይቶ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ሳነበው ደንግጫለሁ። ጃዝ ለእኛ እንደ ሃይማኖት ነበር ትላለች፣ ሸክላ እየሰማን ስለነበር የቦምብ መጠለያ ያልወረድንባቸው ሌሊቶች አሉ ትላለች። እኛ አሁን ጥቅል አለቀብኝ ብለን የምናማርረውን አስቡት።

ጦርነቱ ሲያልቅ ላይፕዚግ በሶቪየቶች እጅ ገባች። በ1946 ወደ ሙኒክ ተሰደደች። እዚያ የአሜሪካ ወታደሮች በሚዝናኑባቸው ክበቦች መጫወት ጀመረች። በ1948 ወንድ ልጅ ወለደች። አባትየው ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነበር። ልጁን በጃዝ ሙዚቀኛው በላዮነል ሃምፕተን ስም ላዮነል አለችው። ማሳደግ ግን አልቻለችም፣ ለጉዲፈቻ ሰጠችው። በዚያ ዘመን ጀርመን፣ ያለ ባል፣ ያለ ገንዘብ፣ ጥቁር ሕፃን ይዛ። ይሄንን ነገር ብዙ አላብራራውም፣ የእናት ነገር ነው።

ከዚያ ከሳክስፎኒስቱ ሃንስ ኮለር ጋር ሠራች። በ1953 ፍራንክፈርት ላይ የራሷን ኲንቴት፣ ማለትም የአምስት ሰው ባንድ፣ አቋቋመች፣ ኤሚል ማንገልስዶርፍና ዮኪ ፍሮይንድ የሚባሉ ሁለት ሳክስፎኒስቶች ያሉበት። ያኔ የምትጫወተው የፒያኒስቱ የሌኒ ትሪስታኖ ዓይነት ቀዝቀዝ ያለ፣ ሒሳብ ሒሳብ የሚሸት ጃዝ ነበር። በ1954 መጀመሪያ ላይ ሌናርድ ፌዘር የሚባል በአሜሪካ ስሙ የገነነ የጃዝ ጸሐፊ ጀርመን መጥቶ ሰማትና አበደ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ፍራንክፈርት ላይ የተቀዳው ሙዚቃዋ በብሉ ኖት ወጣ። ብሉ ኖት ማለት በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቋቋመ የጃዝ አሳታሚ ነው። የሚያስተዳድሩት አልፍሬድ ላየንና ፍራንሲስ ዎልፍ ደግሞ ራሳቸው ከናዚ ያመለጡ የበርሊን ሰዎች ናቸው። እንግዲህ አንዱ በመርከብ አምልጦ፣ አንዷ በቦምብ ሥር ሆና፣ በአንድ ሙዚቃ ተገናኙ ማለት ነው። ይሄንን ፊልም ላይ ብታዩት «አቦ፣ አጋነኑት» ትሉ ነበር።

ኒው ዮርክ የደረሰችው በኖቬምበር 1955 ነው። ልክ በዚያው ወር እኛ ጋ የንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ይከበር ነበር፣ አዲስ አበባም አዲሱ ቴአትር ቤት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለዚሁ በዓል ተከፍቶ ነበር። ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም። እኔ ዘመን የሚገባኝ እንደዚህ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ስለሆነ ነው።

በ1956 ሂኮሪ ሃውስ ገባች። ይሄ 52ኛ ጎዳና ላይ የነበረ ሥጋ ቤት ነው፣ ስቴክ የሚበላበት። ባሩ በመሃል፣ መድረኩ በባሩ መሃል። ለስድስት ወር እዚያ ተጫወተች፣ ቤዝ ላይ ፒተር ኢንድ፣ ከበሮ ላይ ያው ኤድ ቲግፔን። ብሉ ኖት ቫን ጌልደርን ይዞ ሄዶ በኤፕሪል 5 ምሽት ቀዳቸው፣ ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ተብሎ ወጣ። መጀመሪያ ፌዘር ራሱ እንግዳ አስተዋዋቂ ሆኖ ይናገራል። ይሄንን ዝለሉት ወይም አንዴ ስሙት፣ ሁለት ጊዜ አያሰማም።

ታዲያ ለምን ከዚህ አትጀምሩ አልኩ? ሦስት ሰው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፒያኖዋን ሙሉ በሙሉ የምትሰሙት እዚህ ነው። ግን ሁለቱ አልበሞች ላይ ያሉት 20 ዜማዎች አጫጭር ናቸው፣ አብዛኞቹ በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው የሚጫወታቸው የታወቁ ዘፈኖች። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያልቃል። ሥጋ ለሚበላ ሰው ታስቦ የተጫወተ ነው፣ ከመሃል ላይ ፎሌና ማንኪያ ቢንኳኳ አይገርምም። ለማያውቃት ሰው ሁሉም አንድ ይሆንበታል። ከዙት ሲምሱ በኋላ ግን ጆሯችሁ እጇን ስለሚያውቅ ልዩነቱ ይታያችኋል። ከቁጥር 1 «ዲር ኦልድ ስቶክሆልም»ን ስሙ፣ የስዊድን የቆየ የአገር ቤት ዜማ ነው፣ ትዝታን በጃዝ ሰምቶ ላደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከቁጥር 2 «አፍተር አወርስ»ን፣ ቀርፋፋና ከባድ ብሉዝ። የአሜሪካ ሰዎች «ከአውሮፓ የመጣች ነጭ ሴት ብሉዝ ምን ታውቃለች» ሲሏት እንደነበር አስባችሁ ስሙት።

ሌላም የተባለባት አለ። ኒው ዮርክ ከገባች በኋላ አጨዋወቷ ተለወጠ፣ ቀዝቃዛው ቀረና ሞቅ ያለ፣ ምት የሚበዛበት ሆነ። «ፒያኒስቱን ሆረስ ሲልቨርን ኮረጀች» ተባለች። ሆረስ ሲልቨርን እንደምትወደው አልደበቀችም። ታዲያ ምን ችግር አለው? ከተማ የገባ ሰው የከተማውን አነጋገር ይለምዳል። አዲስ አበቤ እዚህ መጥቶ ትንሽ ከከረመ «አቦ» ማለት አይጀምርም እንዴ? እኔ ሁለቱንም ዘመኗን ሰምቼ የምመርጠው የኋለኛውን ነው።

ከዙት ሲምሱ አልበም በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይታ ከሙዚቃው ወጣች። የመድረክ ፍርሃቱ አለ፣ መጠጥም አለ፣ ከፌዘር ጋር መጣላትም አለ። ኩዊንስ ውስጥ በአንድ የልብስ ኩባንያ ሰፊ ሆና ተቀጠረች፣ 35 ዓመት ሠራች። ሥዕሏን ግን አልተወችም፣ የሙዚቀኞችን አስቂኝ ምስል ትሥል ነበር፣ ጃዝ መስማቷንም አልተወችም። ብሉ ኖት እስከ 2000 ድረስ የሽያጭ ድርሻዋን የት እንደሚልክ አያውቅም ነበር። በ2003 ኩዊንስ ውስጥ አረፈች።

አሁን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ስለ አልበሙ የምታነቡት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ለቅሶ ነው። «ታላቋ ፒያኒስት ስፌት ቤት ገብታ ጠፋች»፣ «አሳዛኝ መጨረሻ»፣ «የባከነ ችሎታ»። ሙዚቃውን ገና ሳትሰሙት ሐዘን ላይ ያስቀምጧችኋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ዜማ የቀብር ይመስላችኋል። እኔ ሐረር ነው የምኖረው። መኪና ግርግር፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ስትወርዱ ያለው የሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ የሚውል ሰው አይታዘንለትም። ጨርቅህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ትለምነዋለህ፣ ነገ ና ይልሃል፣ ትመጣለህ። የተከበረ ሙያ ነው።

ቀሚስ ላሳጥር ሄጄ ስጠብቅ ለሰፊው፣ ለትልቅ ሰው፣ አንዱን ማዳመጫ ሰጥቻቸው «ጀስት ብሉዝ»ን አሰማኋቸው። መኪናውን ሳያቆሙ ሰሙ።

«ጋሼ፣ ፒያኖ የምትመታው ሴት ናት» አልኳቸው።

«የታለች? ይሄ ነፊ እኮ ሰው አያናግርም።»

ትንሽ ቆዩና ተራዋ ደረሰ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኋላ ትታው ሰፊ ሆነች» አልኩ። «35 ዓመት።»

«አንድ ቦታ?»

«አዎ፣ አንድ ቦታ።»

«ማሻአላህ። ደሞዝ በየወሩ?» አሉ። ከዚያ ማዳመጫውን መለሱልኝ። «እጅ ያለው ሰው የትም አይወድቅም ልጄ። ቀሚሱን ሁለት ጣት ልቀንሰው ወይስ ሦስት?»

ዜማውን አንዴ ሰምተው ዙት ሲምስ ላይ የሰጡት አስተያየት እኔ እላይ በአንድ አንቀጽ ካልኩት ይበልጣል።

አታዝኑም አላልኩም። ልጇን ላላሳደገች እናት እዘኑ፣ ሥራዋ ተሽጦ ብሩ ለዓመታት ላልደረሳት ሰው ተናደዱ፣ ይሄ ተገቢ ነው። ግን መርፌው ላይ አትዘኑ። ጎልማሳ ሴት ናት፣ በራሷ ጊዜ፣ በየወሩ የሚከፈላት፣ ማታ መድረክ ላይ እየተንቀጠቀጡ መውጣት የሌለበት ሥራ መረጠች። የ1956ቱን ሙዚቃ ስትሰሙ ያንን የኋላውን አታሸክሙት። በዚያ ጁላይ ቀን እሷ የምታውቀው ነገር ጥሩ ነፊ፣ ጥሩ ቤዝና ጥሩ ከበሮ እንደመጣላት ብቻ ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁ ዙት ሲምሱን ከ10 ዘጠኝ። አንዱን የቀነስኩት ለታፈነው ፒያኖ ነው፣ የእሷ ጥፋት አይደለም። ሂኮሪ ሃውስ ቁጥር 2ን ስምንት፣ ቁጥር 1ን ሰባት። ፌዘር ባይናገርበት ኖሮ ሰባት ተኩል።

ለማን አይሆንም? ግጥም ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፣ አንድም የሚዘፍን የለም። መኪና ውስጥ ለጉዞም አይመችም፣ ሐረር–ድሬ መንገድ ላይ ደንገጎ ቁልቁለቱን ስትይዙ የሞተሩ ድምፅ ቤዙን ይበላዋል። ለጥናት፣ ለሥራ፣ ለበርጫ፣ ቤት ለማጽዳት ግን አንደኛ ነው።

ሦስቱንም ጨርሳችሁ ካልጠገባችሁ የ1954ቱን የፍራንክፈርት ቅጂ ፈልጉ፣ «ኒው ፌስስ፣ ኒው ሳውንድስ ፍሮም ጀርመኒ» የሚለውን። ቀዝቃዛ ነው ብያችኋለሁ፣ ሁለቱ ሳክስፎኖች ግን እርስ በርስ ሲጠላለፉ ደስ ይላል። ከዚያ ወደ ኋላ ከሃንስ ኮለር ጋር የሠራችው አለ። ለእሱ የድምፅ ጥራቱን አትጠብቁ።